የቮልሴ ሞተር ወርዷል፤ ከወረደ አይቀር ምን ልሥራ?

በቮልስ ባለቤቶች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከላይ ያለውን ጥያቄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስ ናት፤ ባለ 1500 ሞተር። ለወራት ከሞተሩና ከካምቢዮው (ከማርሽ ቤቱ) መጋጠሚያ ሥር ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ቆይቶ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ፍሪሲዮንም መንሸራተት ጀመረ። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አወረድኩት።

ለዚህ ሥራ ቮልስ የተባረከች ናት። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ሽቦዎቹንና ገመዶቹን ነቅሎ፣ የነዳጁን ጎማ ደፍኖ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ስቦ በክሪክ ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ባዶውን ክፍል እያየሁ ጥያቄዬን ጻፍኩ። የያዝኩት ዝርዝር አጭር ነበር፦ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ በፍላይዊሉ (በሞተሩ ጫፍ ባለው ከባድ መሽከርከሪያ) በኩል ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) እና የነዳጅ ጎማዎች። ከወረደ አይቀር ሌላ ምን ልጨምር ነው ያልኩት።

መልሱ 26 ደረሰ። ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ባትሪውን ነቅዬ እንደሆነ ጠየቀኝ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ብዙ ሰው ሞተሩ ጋ ስለሌለ ይረሳዋል። እኔ ነቅያለሁ። ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ነው የሚመጣው። ቁልፍ ቢነካው ብልጭታው ቀላል አይደለም።

2ኛው ሁሉንም ቀይር ባይ ነው። ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን)፣ ካርቡሬተር፣ ዲናሞ፣ ሽቦዎቹ በሙሉ፣ ከዚያ የሞተሩን ክፍል ቀለም። ሞተር በየጊዜው ስለማይወርድ አሁን ካልተሠራ መቼም አይሠራም የሚል እምነት አለው። ከልቡ እንደጻፈው ያስታውቃል። እኔም ሳነበው ለጥቂት ደቂቃ ልቤ ሸፈተ።

3ኛው ግን የሸፈተውን ልቤን ቶሎ መለሰው። እሱም ከዓመታት በፊት ፍሪሲዮን ሊቀይር ሞተር አውርዶ ነበር። ከወረደ አይቀር ብሎ ቴስታታዎቹን ፈታ። ከተፈታ አይቀር ብሎ የሞተሩን ክፍል ቀለም ፋቀ። ቀለሙ ሲፋቅ ዝገት አገኘ፤ ዝገቱን ሲከተል ጭራሽ ቦዲውን ከወለሉ ለየው። መኪናዋ አራት ዓመት ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ቆመች። ቡሎኖቹ ምልክት በሌላቸው ቆርቆሮዎች ውስጥ ተደባለቁ። በመጨረሻ ለሌላ ሰው አስረከባት፤ ስትሄድ ደግሞ በራሷ ጎማ አልነበረም። ምክሩ አንድ ነው፦ ሞተሩ መኪናዋ ላይ እያለ ሊሠራ የማይችለውን ብቻ ሥራ፣ የቀረውን ሌላ ቀን ትደርስበታለህ። ከዚህ በኋላ የመጣውን መልስ ሁሉ እኔ የመዘንኩት በዚህ ሚዛን ነው።

4ኛው ላይ ጋሼ ገቡ። አባላቱ በሙሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ መካኒክ ናቸው። ስለ ዕቃ አንድም ነገር አላሉም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ዘይቱ የየትኛው ነው የሚለውን ነው። የሞተር ነው ወይስ የካምቢዮ? ሁለቱም እዚያው ቦታ ይወርዳሉ፤ ከታች ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። አሽትተህ እይ አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ፍላይዊሉን ከመፍታቴ በፊት የክራንክ ሻፍቱን (ፍላይዊሉ የታሰረበትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) የፊትና የኋላ ልቅነት እንድለካ አዘዙኝ።

እውነቱን ለመናገር ማሽተት የሚለው አላሳመነኝም ነበር። ግን የእጅ ባትሪ አብርቼ ወጣሁ። ጣቴን ፍሪሲዮኑ የሚገባበት የካምቢዮ አፍ ውስጥ አስገብቼ ከታች የተጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ ጠረግኩ። ወፍራም ነው፤ ጣትና ጣት መካከል ይለጠጣል። ሳሸተው የክብሪት ጭስ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ አለው። ድኝ ነው። የሞተር ዘይት እንደዚያ አይሸትም። ከዚያ ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ሥር አየሁ። ከዘንጉ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ እርጥብ መስመር አለ፤ ግራና ቀኙ ግን ደረቅ አቧራ ነው። ለወራት የሞተር ኦይል ሲል ነው ስለው የነበረው የካምቢዮ ነበር። ዲስኩን ያበላሸውም እሱ ነው። እሳቸው ባይጠይቁኝ አንዱን ኦይል ሲል ቀይሬ፣ ሞተሩን መልሼ፣ በሳምንቱ እንደገና አወርድ ነበር።

5ኛው ይህን አንብቦ ተስማማና ጨመረበት። ሁለቱንም ቀይር ነው የሚለው፤ ሞተሩ ሲመለስ ሁለቱም ይሸፈናሉና። በፍላይዊሉ ውስጥ ያለችውንም ቀለበት ጎማ እንዳልረሳ አስጠነቀቀኝ። ከእሷ የሚወጣ ዘይት በዲስኩ መሃል በኩል ስለሚረጭ ብዙ ሰው ኦይል ሲሉን ነው የሚከሰው።

6ኛው አልተዋጠለትም። ደረቅ የሆነውን አትንካ ባይ ነው። እሱ ደረቁን ነቅሎ አዲስ አስገብቶ፣ አዲሱ በማግስቱ ማፍሰስ ጀምሮበታል። 7ኛው ጠንከር ባለ ቋንቋ አረመው፦ ጥፋቱ የአዲሱ ዕቃ ሳይሆን የአገባቡ ነው። ኦይል ሲሉ ዙሪያውን እኩል፣ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። አንድ ጎኑን በመዶሻ ቀድመህ ከመታኸው ይጣመማል፣ አለቀ። ጎማው ደግሞ በዓመታት ሙቀት ይደርቃል፤ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። 6ኛው መልስ አልሰጠም። እኔ ከ7ኛው ጋር ነኝ።

8ኛው የእኔ ነው። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልቅነት የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ተውሼ ለካሁ። ፍላይዊሉን ወደ ፊት ወደ ኋላ ስገፋ መርፌዋ 0.11 ሚሊሜትር ነበር የምታሳየኝ። የተፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ነው፤ 0.15 ካለፈ አስጊ ነው። ልቅነቱ የሚስተካከለው ከፍላይዊሉ በስተጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ነው። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ ውፍረታቸው ነው የሚለያየው። ጋሼ 9ኛው ላይ አጭር መልስ ጻፉ። ሞተሩን እንዳትከፍተው፣ ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ከልክ በላይ ቢሆን ኖሮ ኦይል ሲል መቀየር ዋጋ እንደሌለው አስረዱ፤ የሚንቀሳቀስ ዘንግ ማንኛውንም ጎማ ይበላል። በዚህች መልስ የ2ኛው ሰው ዝርዝር ግማሹ ተሰረዘ።

ፍላይዊሉን የያዘው ትልቅ ዳዶ 36 ነው፤ የሚጠብቀው ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ነው። ስፈታው የቁልፉን እጀታ በረጅም የብረት ቧንቧ ማስረዘም ነበረብኝ። ዳዶው ውስጥ ትንሽ የመርፌ ኩሽኔታ አለች። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሞተሩ ካልወረደ አትታይም። አጠብኳት፣ ጥቂት ግሪስ ሰጠኋት። ማንም ሳይነግረኝ የሠራሁት ይህን ብቻ ነው።

10ኛው መልስ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። የጻፈው ቮልሱ ዓይኑ እያየ የተቃጠለችበት ሰው ነው። ነዳጁ ከታንኩ በብረት ቱቦ ይመጣና ካምቢዮው ጎን ላይ በጎማ ይቀጥላል፤ ከዚያ የሞተሩን የፊት ላሜራ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው ላይ መከላከያ ጎማ መኖር አለበት። የእሱ ወድቆ ነበር። ላሜራው በየንዝረቱ የነዳጅ ጎማውን እንደ ቢላ ሲበላው ከረመ። አንድ ቀን ሽታ መጣ፣ ከሽታው በኋላ ጭስ። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያብሰዋል። እሱ የተረፈው ቶሎ ስለወረደ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የነዳጅ መግቢያ ቱቦም በእጅ እየጎተትኩ እንድፈትሽ ለመነኝ። የምትያዘው ተገፍታ ስለገባች ብቻ ነው። ከላላች ተነቅላ ነዳጁን የሚረጨው ብልጭታ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

እንዳነበብኩት ወጣሁ። የእኔ መከላከያ ጎማ አለ፤ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ሲነካ ይፈረፈራል። በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ የነዳጅ ጎማ ከውጭ ደህና ይመስላል። ሳጥፈው ውስጡ ሲሰነጠቅ በጣቴ ተሰማኝ። ከታንኩ ሥር ጀምሮ ሁሉንም ቀየርኩ፤ በየጫፉ ማጥበቂያ አደረግኩ። ይህን ለማድረግ ሞተር እስኪወርድ መጠበቅ የለባችሁም። ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ዛሬ ውጡና እዩ።

11ኛው የነዳጅ ፊልትሮ የት ይቀመጥ ብሎ ጠየቀ። 12ኛው ከሞተሩ ክፍል አውጥተህ ካምቢዮው ጎን አድርገው አለው። ፊልትሮው ከሞተሩ በላይ ተንጠልጥሎ ሲርገበገብ ቱቦዎቹን ይጎትታል። አሳማኝ ነው። የእኔንም ወደዚያ አዛወርኩት።

13ኛው ጨርሶ ያላሰብኩትን አነሳ። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚሽከረከረው በሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ላይ በተተከለች ትንሽ ቡሽንግ (የዘንግ ማረፊያ ቀለበት) ውስጥ ነው። ሞተሪኖው በየጊዜው ይቀየራል፤ ቡሽንጓ ግን እዚያው ትቀራለች። ስትበላ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ሞተሪኖው ያጉረመርማል። አዲስ ሞተሪኖ ቢገጠምም ችግሩ አይለቅም። ይህ ሰው ሁለት ደህና ሞተሪኖዎችን ጥሏል። በቀኝ በላይ ያለው የሞተር ቡሎን ሞተሪኖውንም የሚይዘው ስለሆነ ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል። ትንሿን ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ዞር ዞር አደረግኩት። ክብ አልነበረም፤ ወደ አንድ በኩል ተበልቶ እንቁላል ቅርጽ ይዟል። ቀየርኳት። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምታጓራ ያን ጊዜ ገባኝ።

14ኛው የካምቢዮውን ዘይት ቀይር አለ። ጥሩ ምክር ነው፤ ጠቡ የተነሳውም እዚህ ላይ ነው። ጂኤል 5 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) የተጻፈበትን ግዛ፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብሎ አከለበት። ጋሼ 15ኛው ላይ ተቃወሙ። ለዚህ ካምቢዮ ጂኤል 4 ነው። ማርሽ የሚያስማሙት ቀለበቶች ናስ ናቸው፤ በጂኤል 5 ውስጥ በብዛት ያለው ቅመም ለእነሱ አይስማማም። 16ኛው ተነስቶ ጋሼን አንተ እያለ ይመልስ ጀመር። ይህ የድሮ ሰው ወሬ ነው፣ ዘመናዊ ዘይት ናስ አይጎዳም፣ ማስረጃህን አምጣ። 17ኛዋ ሴት ናት። ዘይቱን ትታ ስለ አነጋገሩ ብቻ ጻፈች። ሰው መከራከር ይችላል፤ አባት የሚሆን ሰውን ግን አንተ ማለት እዚህ ቤት እንዳልተለመደ ነገረችው። ነገሩ መክረር ጀመረ። ሦስት አራት ሰው እርስ በርሱ የተባባለውን የመድረኩ አስተዳዳሪ ስለሰረዘው በቁጥር ውስጥ የለም።

18ኛው አበረደው። ጂኤል 5 የጂኤል 4 የተሻሻለ ዓይነት አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ጥርሶቻቸው እርስ በርስ በኃይል እየተንሸራተቱ ለሚሠሩ ከባድ ዲፈረንሻሎች ነው የታሰበው። ዘመናዊው ዘይት ናስ ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ክርክር ይቆየንና የመኪናዋ መመሪያ የሚጠይቀውን 90 ሃይፖይድ ጂኤል 4 ካገኘህ ለምን ሌላ ትሞክራለህ የሚል ነው ሐሳቡ። እኔም ያንን ሞላሁ። 16ኛው ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ጋሼን በእርስዎ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም ልጄ ብለው መለሱለት። በቁጥር ሲታይ ሁለቱ 24ኛና 25ኛ ናቸው።

19ኛው የኋላ ፍሬን ይሠራ አለ፤ የኋላ ጎማው ዳዶም 36 ነው፣ ቁልፉ በእጅህ ነው። 20ኛው በአንድ መስመር ዘጋው፦ ፍሬን ለመሥራት ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። እውነት ነው። የ3ኛውን ሰው አራት ዓመት አስታወስኩና አለፍኩት።

21ኛው ስለ ቅዝቃዜ ጻፈ፤ ይህን ጠለቅ ብዬ ልናገር። ቮልስ ራዲያተር የላትም። የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ነው። በዚህ ዘመን ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ላሜራ ሽፋን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው 3ኛው ሲሊንደር ነው። አየሩ በማቀዝቀዣው በኩል አልፎ ከሞቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ የሚግለው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ አውጥቶ ለብቻው አየር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ነው። ሰውዬው ሽፋኑን አንሳና ክንፎቹን እይ አለኝ።

አነሳሁ። በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ደረቅ ሣር፣ የላባ ቁራጭና በዘይት የተለወሰ አቧራ እንደ ወፍራም ጨርቅ ተጋግሮ ነበር። የሆነ ጊዜ አይጥ ቤት ሠርታለች። ለስላሳ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠረግኩ። መብራት ከኋላ ስይዝ ክንፎቹ አንድ በአንድ ብርሃን እያሳለፉ መጡ። ስንት ዓመት በዚያ ሁኔታ እንደነዳኋት ሳስብ አዘንኩላት። ማቀዝቀዣው ከተፈታ አይቀር ሥሩ ያሉትን ሁለት ጎማዎችም ቀየርኩ።

ያው ሰው በሞተሩ ዙሪያ ስለሚሄደው ረጅም ጎማም አሳስቧል። ያ ጎማ ለውበት የገባ አይደለም። ከታች ያለውን የጋለ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር ይለያል። ከሌለ ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር መልሶ ይስባል። ሞተሩ ገብቶ ጎማውን ማስተካከል መከራ ነው። አሁን ግን አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

22ኛው ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ዘይት ካፈሰሱ ጎማቸው ይቀየር ብሏል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው የሠራቸውን ቱቦዎች ለማውጣት ቴስታታ መፈታት አለበት። የእኔ ደረቅ ናቸው። ተውኳቸው።

23ኛው ስለ ማሞቂያው ነው። ጥቂት ቃል ነው የጻፈው፣ ግን ሊረሳ አይገባም። የቮልስ ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ አዙሮ ነው። ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ከዛገ ጭሱ ከሞቀው አየር ጋር ወደ መቀመጫው ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ልጆች ከኋላ ለሚጭን ሰው ይህ ከፍሪሲዮን ይቀድማል። የእኔን በአንድ በኩል ዘግቼ በሌላው በመብራት አየሁ፣ በመዶሻ እጀታም ቀስ እያልኩ መታሁ። ድምፁ ድፍን ነው፤ ቀዳዳ የለም።

24ኛውንና 25ኛውን ነግሬያችኋለሁ። ከሁለቱ መሃል አንድ ሰው ገብቶ ቮልስ መሠራት ያቆመችው መቼ እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ነው። ርዕሱን ስለሳተ ራሱ አጠፋው።

ዕቃ ስገዛ የደረሰብኝንም ልጨምር። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ድረስ ያለው በሁለት ክሊፖች ሹካው ላይ ይያዛል። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ያለው በቱቦ ላይ የሚንሸራተት ነው። ዲስኩን የሚጫነው የፍሪሲዮኑ ተጫኝም አብሮ ተቀይሯል፤ የድሮው መሃሉ ላይ ቀለበት አለው፣ የአዲሱ የለውም። ሻጩ አዲሱን ሰጥቶኝ ሳላይ ወሰድኩ። አሮጌውን አጠገቡ ባላስቀምጥ ኖሮ ልገጥመው ነበር። የካምቢዮውን ኦይል ሲል ሳስገባ ደግሞ የዘንጉን ጥርሶች በቴፕ ጠቅልዬ ነው። አለበለዚያ ጥርሶቹ ገና ሲገባ የጎማውን ከንፈር ይቆርጡታል።

26ኛው የጋሼ ነው። ሞተሩን ስመልስ በቡሎኖቹ ጎትቼ እንዳላስገባው ነገሩኝ። ካልገባ ዲስኩ መሃል ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ አውጥቶ ማስተካከል እንጂ በጉልበት ማጥበቅ የካምቢዮውን ቤት ይሰነጥቃል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነጻ ጉዞ ይኑር አሉ። በመጨረሻም ሥሯ ንጹሕ ካርቶን አንጥፌ አሳድሬ ያየሁትን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።

ሞተሩ ረቡዕ ማታ ገባ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው እምቢ አለ። አላጠበቅኩትም። አውጥቼ ዲስኩን መሃል አስያዝኩና በሦስተኛው ራሱ ሸርተት ብሎ ገባ። ካርቶኑን አነጠፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ደረቅ ነበር። አርብ ከ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከዘይት መክደኛው ጠርዝ አንዲት ጠብታ አገኘሁ። ጣቴ ላይ አድርጌ አሸተትኳት። የሞተር ናት። ጋስኬቷን ቀይሬ ካርቶኑን ገለበጥኩት፤ ነገ ጠዋት አይቼ ለጋሼ እጽፍላቸዋለሁ።